የዲላ ግቢ ወጪ

አቅራቢዋ፦ ዲላ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግቢውን ለባለሙያ ሲሰጥ ቀድሞ የሚጠይቀው የሣሩን ዋጋ ነው።

አቅራቢው፦ ብሩ መቅደም ያለበት ግን ለጎርፍ መውረጃው ነው። አገሩ ተዳፋት ይበዛዋል፣ ዝናቡም ብርቱ ነው፤ ቦይ ሳይቀደድ የተነጠፈ ሣር ከነአፈሩ ይሄዳል።

አቅራቢዋ፦ ዲዛይኑስ?

አቅራቢው፦ እሱማ ደጃፉ ላይ አለ! በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ዛፎችን፣ ከሥር እንሰትና ቡናን ያደራርባል። ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ ቡናውም ጥላ ያገኛል። ሣር ብቻውን ይህን አይሰጥም፤ በበጋ ደግሞ ውኃ ይጠይቃል።

አቅራቢዋ፦ ታዲያ ባለሙያው ለምኑ ይከፈለዋል?

አቅራቢው፦ ለልኬት፣ ለቦይና ለድንጋይ ካብ። ችግኙን ባለቤቱ ይትከል። ውል ሲፈረምም የእንክብካቤው ዋጋ ለብቻው ይጻፍ።