ግሪን ካርድ፣ ሰማያዊ ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ዜግነት ጉዳይ እንድናገር ሲጠይቀኝ «እኔ ታክሲ ነጂ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም» ብዬ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ሕግ ጀምረህ የለም ወይ?» አሉኝ። መጀመሩንስ ጀምሬ ነበር፤ ሳልጨርስ ወጣሁ እንጂ። ስለዚህ የማቀርብላችሁ የሁለቱን አገሮች ሕግ አንብቤ የተረዳሁትን ነው። የየግል ጉዳያችሁን ጠበቃ ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ።

ከመካከላችን ጡረታው የተቃረበ፣ እናቱ የታመመችበት ወይም አገር ቤት ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው «እስቲ አገሬ ገብቼ ልሞክረው፤ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ» ማለት ጀምሯል። እኛም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቡናችንን ይዘን ስንቆም ወሬያችን ይኸው ነው። «ካልሆነልኝ እመለሳለሁ» የምትለዋ ቃል ግን የምትሠራው በእጃችን እንደያዝነው ወረቀት ነው።

በግሪን ካርድ 15 እና 20 ዓመት የኖሩ ወገኖች አሉን። ዜግነቱን ለምን እንደማይወስዱ ሲጠየቁ «ኢትዮጵያዊነቴን አልለውጥም» ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ስሜታቸውም ስሜቴ ነው። ሕጉን ስናየው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ የቀረው ሰው አገሩ ገብቶ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቀመጥ አሜሪካን የሚያጣው እሱ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ግን ደብረ ብርሃን 10 ዓመት ኖሮ ቢመለስ፣ ፓስፖርቱን እስካሳደሰ ድረስ «የት ነበርክ?» ብሎ በሩን የሚዘጋበት የለም። ለአገሩ ሲል ዜግነቱን የጠበቀው፣ አገሩ ገብቶ ለመኖር ይበልጥ ተቸገረ ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግሪን ካርድ የሚሰጠው እዚህ ለሚኖር ሰው ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ለቆየ ሰው ካርዱ ብቻውን መግቢያ አይሆነውም። ያን ያህል የሚቆይ ሰው ከመሄዱ በፊት፣ እዚሁ አሜሪካ እያለ፣ ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት የሚባለውን የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት ይኖርበታል፤ እሱም ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው። «በየስድስት ወሩ ብቅ ካልኩ ማን ይነካኛል?» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ወሬ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። የኤርፖርቱ መኮንን የሚመዝነው ኑሯችሁ የት እንደሆነ ነው፤ ቤታችሁን፣ ሥራችሁን፣ ቤተሰባችሁን፣ የግብር ወረቀታችሁን ያያል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሳምንት መምጣት ጉብኝት እንጂ ኑሮ አይባልም።

አንድ ነገር ግን ለእናቶቻችን አስጠኑልኝ። ኤርፖርት ላይ «ነዋሪነቴን ትቻለሁ» የሚል ቁጥሩ አይ-407 የሆነ ቅጽ ፈርሙ ቢባሉ የመፈረም ግዴታ የለባቸውም። «ጉዳዬን የኢሚግሬሽን ዳኛ ይየው» ማለት መብታቸው ነው። የዜግነት ፈተናውንም በእንግሊዝኛው ምክንያት የሚፈሩ ካሉ፣ ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖሩ በአማርኛ መፈተን ይችላሉ። ይህን ሳያውቁ የተቀመጡ ስንት አሉ!

አሁን ወደ አገር ቤቱ ሕግ ልሻገር። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በአንቀጽ 20፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። አሮጌውን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ መደበቅ ኢትዮጵያዊ አያደርግም። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም ቢሆኑ፣ ለአካለ መጠን በደረሱ በአንድ ዓመት ውስጥ አሜሪካዊነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊነቱን መምረጣቸውን ካላስታወቁ፣ እንደተዉት ይቆጠራል። 18 ዓመት ሲሞላቸው ኬክ እንቆርሳለን፤ ይህን የሚነግራቸው ግን የለም።

በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ አመጣልን። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያወጣው ይችላል። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ አገር ቤት ይኖራል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ በቤት ባለቤትነትም እንደ ባዕድ አይታይም። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም።

መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ የምትኖርበትን ቀበሌ ማን እንደሚያስተዳድር ቃል የሌለኝ ሰው መሆን ያመኛል። ደግሞም አዋጅ የሰጠውን አዋጅ ይወስደዋል። የባንክ አክሲዮን የገዙ ወገኖቻችን በ2009 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ናችሁ ተብለው እንዲለቁ መታዘዛቸውን ታስታውሳላችሁ፤ ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና የተፈቀደላቸው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቢጫ ካርድ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ዜግነት ግን አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ልጆቹና ሐኪሙ እዚህ ያሉ፣ ወዲያና ወዲህ ማለት የሚፈልግ ሰው፣ መጀመሪያ ዜግነቱን ይጨርስ፤ ከዚያ ቢጫ ካርዱን አውጥቶ ይግባ። ሄዶ እየኖረ ልጨርሰው ቢል አይሆንለትም፤ ማመልከቻው ካለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ 30 ወር እዚህ መገኘትን ይጠይቃል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከቀረ ደግሞ የነዋሪነት ቆጠራው ይቋረጣል። ዜጋ ሆኖ የሄደም የአሜሪካን ግብር ማስታወቂያ በየዓመቱ መሙላቱን አይርሳ፤ አይ-አር-ኤስ ባሕር ተሻግሮም ይከተላል።

አሜሪካን በቃኝ ብሎ ለዘለቄታው የሚገባ ግን ኢትዮጵያዊነቱን ይዞ ቢገባ እኔ አልከለክለውም፤ እንዲያውም እቀናበታለሁ። ዜግነቱን የለወጠም ሐሳቡን ቢቀይር፣ አገር ቤት ኑሮውን መሥርቶ፣ የያዘውን ዜግነት ትቶ ካመለከተ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ እዚያው አዋጅ ውስጥ በአንቀጽ 22 ተቀምጧል።

ለገና አገር ቤት ገብታችሁ ለመቆየት ትኬት የቆረጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የመመለሻ ፈቃዱ ማመልከቻ ከመሳፈራችሁ በፊት መግባት ስላለበት ሳምንቱን አታሳልፉት። እኔም ዛሬ ማታ ታክሲዬን አላወጣም፤ ጥያቄ ያለው ቡናው ጋ ያግኘኝ።