በጣራ ሥር ያለን ሰው ስፍራ በሬድዮ ስለ መለካት



ከመተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚጓዝ መንገደኛ በኪሱ ባለው ስልክ የቆመበትን ስፍራ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያውቃል። ያው ሰው ሰሊጥ ወደ ተከማቸበት መጋዘን በገባ ጊዜ ግን ስልኩ ይሳሳታል። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚመጣው የሳተላይት ሞገድ እጅግ ደካማ ነውና ቆርቆሮና ስሚንቶ ይከለክለዋል። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በገዳሪፍ በተሠራው፥ 100,000 ቶን እህል በሚይዘው ጎተራ ውስጥማ ምን ተስፋ አለው?

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ አልትራ ዋይድባንድ የተባለው ሬድዮ ነው። በገዳሪፍ ተተክሏል ማለቴ አይደለም፤ ጎተራውን ለምሳሌ ያህል ወስጄዋለሁ። በገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ እረኛ ማሚቶው ተመልሶ እስኪደርሰው ያለውን ጊዜ ቢቆጥር የገደሉን ርቀት ይገምታል። የሬድዮ ሞገድ ግን በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገሠግሣል፤ ስለዚህ የ10 ናኖ ሰከንድ ስሕተት 3 ሜትር ያሳስታል። በቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ማሚቶ ይመልሳል። ጥሪው ረጅም ከሆነ ዋናው ከማሚቶው ጋር ይደባለቃል፤ ጥቂት ናኖ ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ግን ቀድሞ የደረሰው ተለይቶ ይታወቃል። አሜሪካ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቀደች፤ ከ2019 ጀምሮም በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ ገብቷል። ሁኔታው ከተመቸ ስሕተቱ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞገዱ በእህል ክምርና በሰው አካል ሲጋረድ ግን ርቀቱን አብዝቶ ያሳያል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስፍራቸው አስቀድሞ የታወቀ ጣቢያዎች በግድግዳው ላይ ሲተከሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ተካዩ ነው። የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር እ.ኤ.አ. በግንቦት 15 ቀን 1902 በውል ተወሰነ፤ በ1903 ግን የብሪታንያው ሻለቃ ግዊን ያለ ኢትዮጵያ ወኪል ብቻውን አካለለው። ሙያውን አልነቅፍም፤ ምልክቱ ሲቆም አንደኛው ባለቤት አለማየቱ ግን ለረጅም ዘመን ክርክር ሆነ። በ2020 መጨረሻም በአልፋሽቃ እርሻ ላይ ጦር ተማዘዙ።

እንግዲህ በአዝመራ ወራት ከጎንደር በኩል ተሻግሮ በመጋዘን የሚሸከም የቀን ሠራተኛ በደረቱ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ቢታሰርለት፥ የጆንያ ክምር በተናደበት ጊዜ ያለበት ስፍራ ወዲያው ይታወቃል። ይህ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ያው ምልክት ላቡን ለመጥረግ ስንት ደቂቃ እንደ ቆመም ለአሠሪው ይናገራል። ሠራተኛው ምን እንደሚመዘገብበት ሳይነገረው ሊታሰርለት አይገባም እላለሁ፤ ነገ ለተማሪዎቻችን እንሰር የሚል ሲመጣም እንዲሁ።

መሣሪያው በሌለበት ትምህርት ቤት ገመድ ይበቃል። ሦስት ተማሪዎች በሜዳ ላይ ይቁሙ፤ አራተኛው ከእያንዳንዳቸው የራቀበትን ልክ በገመድ ላይ ቋጥረው ከሜዳው ያስወጡት። ገመዶቹ ተወጥረው ሲገናኙ ቆሞበት የነበረው ስፍራ ይገኛል። ከዚያም መምህሩ አንዱን ተማሪ ሁለት ክንድ ያህል ፈቀቅ ያድርገው። ሦስቱ ገመዶች በአንድ ነጥብ መገናኘት ይሳናቸዋል። በሁለት ገመድ ብቻ ቢለኩ ግን ይገናኛሉ፤ የሚገናኙበትም ስፍራ ሐሰት ነው።