ከዐውደ ምሕረት በፊት ያለው ሥራ

ዛሬ የስብከተ ወንጌልን ትምህርት ፈጽማችሁ የምትመረቁ ልጆቼ፤

ስለ ስብከት ክብርና ስለ ሰባኪ መዓርግ ሊነገር የሚገባውን ከእኔ የሚበልጡ አባቶች ስለ ተናገሩት፣ እኔ የምናገረው ሰው ስለማያየው ሥራ፣ ይኸውም ሰባኪው ወደ ዐውደ ምሕረት ከመውጣቱ አስቀድሞ ከመጽሐፍ ጋርና ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ስለሚደክመው ድካም ይሆናል። የስብከት ነገር የሚቈረጠው በዚያ ሰዓት መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ፤ የድምፅ ማማር፣ የአነጋገር መሳል፣ የጥቅስ መብዛት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ለዚህ ነገር ምስክር ልጥራ ብል ከቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የሚቀድም አላገኝም። ይህ አባት በአንጾኪያ ተወልዶ፣ የንግግርን ጥበብ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከሊባንዮስ ተምሮ፣ ከዚያም ወደ ተራራ ወጥቶ በዋሻ ውስጥ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ሲያጠና፣ ጤናውም በተጋድሎው ብዛት እስኪታወክ ድረስ ከቈየ በኋላ ወደ ከተማው ተመልሶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ386 ዓ.ም. ቅስና ተቀብሎ መስበክ ጀመረ። በዓመቱ፣ በ387 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር በጣለ ጊዜ፣ የአንጾኪያ ሕዝብ ተቈጥቶ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ገልብጦ ሰባበረ። ቍጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ፤ ዳኞች ሰውን እየያዙ መቅጣት ጀመሩ፤ አደባባዩ ጭር አለ፤ ከተማው በሙሉ ይደመሰሳል ተብሎ ብዙው ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ።

ሕዝቡ የሚያጽናና ቃል እጅግ በሚሻበት በዚያ ሰዓት ያ አንደበተ ርቱዕ ካህን ምን አደረገ? ሰባት ቀን ዝም አለ። የኢዮብ ወዳጆች ስለ መከራው ክብደት ቃል አጥተው ከአጠገቡ በመሬት ላይ እንደ ተቀመጡ፣ እርሱም ከሕዝቡ ጋር አዝኖ፣ ከሕዝቡ ጋር ፈርቶ፣ የኀዘኑን መጠን ካወቀ በኋላ ነበር አፉን የከፈተው። ስለ ሐውልቶቹ ተብለው የተሰበሰቡት 21 ድርሳናት አብዛኞቹ የዚያ ዐቢይ ጾም ፍሬ ናቸው። በእነዚያ ትምህርቶች ሕዝቡን እያጽናና፣ ኦሪት ዘፍጥረትንም እየተረጐመ፣ ደግሞ ደጋግሞ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ ይኸውም መሐላን እንዲተዉ ነው። ከተማ ሊጠፋ በተቃረበበት ወራት ስለ መሐላ መናገር ለላይ ተመልካች እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሰሙት ሰዎች የንጉሡን ቍጣ ሊመልሱ አይችሉም፤ አንደበታቸውን መግታት ግን ይችላሉ፤ እርሱም ሕዝቡን ቀርቦ ስላወቀ፣ በእጃቸው ያለውን ሥራ ሰጣቸው። በዚያው ጊዜ ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ፣ እኅቱ በሞት አልጋ ላይ ሳለች ትቷት፣ ንጉሡን ሊማልድ ወደ ቊስጥንጥንያ ሄዶ ነበርና፣ ለፋሲካ ምሕረትን ይዞ ተመለሰ።

በሰባቱ ቀን ዝምታ ላይ የዘገየሁት፣ በዛሬው ዘመን ሰባክያን ከመስማት ይልቅ ለመናገር ስለምንፈጥን ነው። ይኸው አባት ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ፣ የመናገር ችሎታ በትምህርት የሚገኝ እንጂ ከተፈጥሮ የሚወረስ ስላልሆነ፣ ከፍተኛውን ደረጃ የያዘው ሰው እንኳ ዕለት ዕለት ካልደከመበት እንደሚለየው ያስተምራል፤ ስለዚህም ብዙ የሚችለው ሰባኪ ጥቂት ከሚችለው ይልቅ አብዝቶ ሊደክም ይገባዋል ይላል። ልጆቼ፣ ዛሬ የምትቀበሉት የምስክር ወረቀት ድካሙን የሚያቀልላችሁ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሰባኪ ከሰጠችው ሀብት መካከል፣ በእኔ ግምት፣ ከግጻዌ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና ከግብረ ሐዋርያት የሚነበበውን፣ ከመዝሙረ ዳዊት የሚወጣውን ምስባክና የዕለቱን ወንጌል አስቀድማ ወስና ስታስቀምጥ፣ ምእመናንን ከሰባኪው ምርጫ ጠብቃቸዋለች። እያንዳንዱ ሰባኪ የሚወደው አንድ ነገር አለውና፤ አንዱ ተግሣጽ፣ አንዱ ተአምር፣ አንዱም የሌላውን ሃይማኖት መንቀፍ ይወዳል፤ የትኛውንም ምዕራፍ ቢያነቡለት ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ይገባል።

የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሰንበት፣ መጻጉዕን፣ እንድትሰብኩ ታዘዛችሁ እንበል። ሰኞ ዕለት የዮሐንስን ወንጌል አምስተኛ ምዕራፍ በግእዙም በአማርኛውም ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። ቀጥሎ ወደ አንድምታው ግቡ፤ ነጠላ ትርጕሙን ሳትጨርሱ ወደ ሐተታው አትዝለሉ። ከዚያም ሌሎቹን ምንባባት አምጥታችሁ ከወንጌሉ ጋር አስተያዩአቸው። ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ ያዝዛል፤ ምስባኩ እግዚአብሔር በሕማም አልጋ ላይ ያለውን እንደሚረዳው ይናገራል፤ ግብረ ሐዋርያት ደግሞ ሰዎች በየቀኑ ተሸክመው መልካም በምትባለው የመቅደስ ደጅ ስለሚያስቀምጡት ሽባ ይተርካል። እዚህ ላይ ቈም በሉ። በመቅደሱ ደጅ ያለው የሚሸከሙት ሰዎች አሉት፤ በቤተ ሳይዳ ያለው ግን 38 ዓመት ታምሞ፣ መዳኛው ውኃ ከፊቱ ሳለ፣ የሚያወርደው አንድ ሰው አጥቷል፤ ጌታም ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው፣ ስለ ደዌው በመናገር ፋንታ ሰው ስለ ማጣቱ ይመልሳል።

ይህን ያየ ሰባኪ ሥራው ገና እኩሌታው ነው። እስከ ዓርብ ባለው ጊዜ በሰበካው ውስጥ አልጋ ይዞ የተኛ፣ ጠያቂም ያጣ ማን እንዳለ ካህናቱንና የዕድር ዳኞችን ጠይቆ፣ ቢያንስ ወደ አንዱ ቤት ሄዶ ሊቀመጥ ይገባዋል። እዚያ ስለሚነገረው ነገር አይጨነቅ፤ የተኛው ሰው የሚለውን ይስማ፤ የሰማውንም ምሥጢር በዐውደ ምሕረት አያውጣ። እሑድ ዕለት ግን አነጋገሩ ራሱ ይለወጣል፤ የቤተ ሳይዳን አምስት መመላለሻዎች ሲተርክ በመጽሐፍ ብቻ እንዳነበባቸው አይሆንም። ያን ቤት ሳይረግጥ ጾም ያልጾሙትን በመዝለፍ ሰዓቱን የሚፈጅ ሰባኪ፣ በሽተኛውን ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ሰው ይተወዋል፤ ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል።

ስለ ስብከት ርዝመት ብዙ አልናገርም። በጢሮአዳ ቅዱስ ጳውሎስ ነገሩን እስከ መንፈቀ ሌሊት ባስረዘመ ጊዜ አውጤኪስ የሚባል ጎልማሳ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ እንደ ወደቀ ታውቃላችሁ፤ የወደቀውን ማስነሣት ለሐዋርያው ተሰጠው፤ ሌሎቻችን ግን አስቀድመን ማሳጠር ይሻለናል። ስለ ጭብጨባና ስለ እልልታም እንዲሁ፦ ዮሐንስ አፈወርቅ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ቤተ ክርስቲያን የትያትር ቤት አለመሆኗን እየነገረ ይገሥጽ ነበር፤ አንድ ቀንም ሲያስተምር ሕዝቡ መብራት ወደሚያበራው ሰው ፊቱን ቢያዞር፣ ያንኑ መብራት ለትምህርቱ ምሳሌ አድርጎ ልቡናቸውን መለሰ። ይህን ሊያደርግ የቻለው የጻፈውን ሳይሆን የተሰበሰበውን ሕዝብ ይመለከት ስለ ነበረ ነው።

የቀረኝ ቃል ለእናንተ፣ እነዚህን ልጆች ለምትቀበሉ የአድባራት አስተዳዳሪዎች ነው። ቅዳሴ ሲፈጸም ድምፅ ማጉያውን ድንገት አስጨብጣችሁ አስተምር አትበሏቸው፤ ተራቸውን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት አስታውቋቸው። በዕቃ ቤት ተቈልፎባቸው ያሉትን የትርጓሜ መጻሕፍት እንዲያነቡ ፍቀዱላቸው። ሲሳሳቱም፣ መሳሳታቸው አይቀርምና፣ በሕዝብ ፊት አታሳፍሯቸው፤ አጵሎስ በኤፌሶን በንግግሩ በርትቶ ሳለ ትምህርቱ ጎዶሎ መሆኑን ያዩት አቂላና ጵርስቅላ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው እንደ ገለጡለት፣ በየደብሩ አንድ አንድ የሐዲሳት መምህር መድባችሁ፣ ከእያንዳንዱ ስብከት በኋላ ለብቻ አስቀምጦ የሚያርማቸው አባት እንድትሰጧቸው በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ።