የመረጃ ደኅንነት ኃላፊው ለማን ይናገራል?

አቅራቢዋ፦ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሰው ካርቱምን ጥሎ ወጣ። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ የካርቱም ባንክ «ባንካክ» መተግበሪያ የስንቱን ቤተሰብ ሕይወት ታደገ! በጥር 2016 መጨረሻ ግን በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ተቋረጠ፤ ያን ጊዜ በስልክ ገንዘብ መላክም ቀረ። ለእንዲህ ያለ ቀን አስቀድሞ ማሰብ የማን ሥራ ነው?

አቅራቢው፦ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ሲባል ሰርጎ ገብ የሚያሳድድ ባለሙያ ብቻ ይመስለናል፣ እህቴ። «ይህ ከተማ ቢዘጋ መጠባበቂያችን የት ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅም የእሱ ሥራ ነው።

አቅራቢዋ፦ የእኛንስ? መጋቢት 2016 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ ወጣ። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል።

አቅራቢው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ማሻሻያ ከመለቀቁ በፊት «ይቁም» የማለት ሥልጣን የማን ነው? ኃላፊው በአይቲ ዳይሬክተሩ ሥር ከሆነ የገዛ አለቃውን ሥራ ማስቆም ይከብደዋል።

አቅራቢዋ፦ በቀጥታ ለቦርዱ ሪፖርት ያድርግ ነው የምትለው?

አቅራቢው፦ አዎ! የምትሰሙን የባንክ ቦርድ አባላት፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ጥሩትና ከራሱ አንደበት ስሙት።