ከአገልግሎት የተሰናበተ አውሮፕላን ቀሪ ታሪክ



«ካረጁ አይበጁ» የሚለው አባባል በአውሮፕላን ላይ አይሠራም። አውሮፕላን የሚያረጀው በዓመታት ቍጥር ብቻ ሳይሆን በበረራ ብዛት ጭምር ነው። ሽቅብ ሲወጣ አካሉ በውስጥ የአየር ግፊት ይወጠራል፤ ሲያርፍ ይረግባል። ይህ በብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ብረቱ ይዝላል፤ ስንጥቅም ይፈጠራል። ምርመራው እየበዛ፣ ወጪውም እየከበደ ሄዶ በመጨረሻ የጥገናው ሂሳብ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ይበልጣል። እንግዲህ ስንብቱን በአመዛኙ የሚወስነው ይህ ሂሳብ እንጂ መብረር ማቃቱ አይደለም።

ከስንብት በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሁለተኛ ሥራ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ጎኑ ተቀዶ ሰፊ በር ይወጣለታል፤ ወለሉም ተጠናክሮ ጭነት ይሸከማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር።

ሁለተኛው መንገድ በረሃ ነው። በአሜሪካ አሪዞና፣ በቱሶን ከተማ አጠገብ ባለው የዴቪስ ሞንታን ሰፈር ከጦርነቱ ማብቂያ ጀምሮ የጦር አውሮፕላኖች ይቀመጣሉ። የአየሩ ድርቀት ዝገትን ያዘገያል፤ መሬቱም ጠንካራ በመሆኑ አስፋልት ሳይነጠፍበት ክብደታቸውን ይችላል። ቀዳዳቸው ተሸፍኖ ከሚጠብቁት መካከል ተመልሰው የሚበሩ አሉ።

ሦስተኛው መንገድ መፈታት ነው፤ የመሐንዲሱም ኃላፊነት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ሞተሮች ይወርዳሉ፤ ከዚያም የማረፊያ እግሮችና የበረራ መሣሪያዎች ይከተላሉ። የቀረው አካል ተቈራርጦ ይቀልጣል። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚጠይቀው ኃይል ከመቶ 5 እጅ ያህሉን ብቻ ይፈልጋል። ሆኖም መዳብ ያለበትና ዚንክ ያለበት ቅይጥ ሳይለዩ አብረው ቢቀልጡ፣ የሚገኘው ብረት ለአውሮፕላን አይበቃም። የካርቦን ጭረትማ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ጭረቱን የያዘው ሙጫ አንዴ ከጠነከረ አይቀልጥም። የቦይንግ 787 መዋቅር ደግሞ በክብደት ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዓይነት ውሑድ የተሠራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የወረደው ዕቃ ዋጋ ያለው በመዝገቡ ነው። ስንት ሰዓት እንደ በረረ፣ ማን እንደ ጠገነው፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ዕቃ፣ ምንም ቢያብረቀርቅ ቍርጥራጭ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1989 ከኦስሎ ወደ ሃምቡርግ ይበር የነበረ ኮንቬር 580 ከዴንማርክ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 55 ሰዎች አልቀዋል። ምርመራው እንዳመለከተው የጭራውን ቋሚ ክንፍ ከያዙት ማያያዣዎች መካከል ትክክለኛ ያልሆኑና ጥንካሬያቸው የጐደለ ይገኙ ነበር። በቅርጽ ግን ከትክክለኛው ጋር ይመሳሰሉ ነበር።

ስለዚህ ዕድሜውን የጨረሰ ዕቃ ወደ ቍርጥራጭ ክምር ከመጣሉ በፊት ዳግመኛ ማንም እንዳይገጥመው ሆኖ መሰበር ይኖርበታል፤ ደህናውም መዝገቡን ይዞ ብቻ ይውጣ። አውሮፕላን ፈትቶ የሚፈርም ባለሙያ፣ አይቶት በማያውቀው ሌላ አውሮፕላን ስለሚሳፈሩ ሰዎች ሕይወት ይፈርማልና።