ስለ ብሔራዊ ቴአትር ትኬት ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ብሔራዊ ቴአትርን የማያውቅ የለም፤ የታክሲ ረዳት ሲጠራው በየቀኑ እንሰማለን፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ከሠራው አንበሳ ሥር ሰው ቀጥረን እናውቃለን። ወደ ውስጥ የገባን ግን ስንቶቻችን ነን? ቤቱን ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ ጀመረው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተከፈተ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ከማኅበሩ ሣጥን ለአረጋውያን ትኬት ይገዛ ብንል «መጀመሪያ ቦዩ ይጠገን» ያላችሁን አላችሁ። እውነት ነው፣ ቦዩም ይጠገናል። ነገር ግን ባለፈው ወር የቀበርናቸው እናታችን ስንት ዓመት በዚያ ደጅ ቆሎ ሲሸጡ ኖረው መጋረጃው ሲከፈት አንድ ቀን ሳያዩ አለፉ። እኛም ጎረቤቶቻቸው፣ እንሂድ ወይ ብለን አልጠየቅናቸውም። የምንጠይቀው የ6 ሰው ትኬት ነው። እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት እንሰብሰብና በድምፅ ብልጫ ይወሰን።