ቤት ሲከፋፈል ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው?

(በሰፈራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስላለ፣ ነገር ግን በአደባባይ ስለማናነሳው ችግር ነው፤ ተከፋፍሎ ስለሚከራይ ቤት።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት በጌቬስ ግድግዳ ተከፍሎ ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ ይከራያል። የመብራቱ ቆጣሪ አንድ ነው፣ የውሃውም አንድ ነው፤ ሒሳቡን እንደፈለገ የሚያካፍለው ባለቤቱ ነው። ባለፈው ክረምት ከእኛ መካከል አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር እንዲህ ባለ ቤት ትኖር ነበር። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል መስኮት የለውም። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግድግዳው ሻግቶ ትንሹን ልጅ ሳል አልለቀው አለ። ለባለቤቱ ብትነግረው «ካልተመቸሽ ውጪ» አላት። ውሉ በዕብራይስጥ ነው፤ ፈረመች እንጂ አላነበበችውም። ወደ ዒሪያ እንሂድ ስንላት የመለሰችልን ቃል ዛሬም ከጆሯችን አልወጣም፦ «ቤቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢዘጉትስ፣ እኔን የት ልታስገቡኝ ነው?»

ይህ የፈሪ ጥያቄ አይደለም፤ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። በእስራኤል አንድ ባለቤት ቤቱን ለማከራየት የአከራይነት ፈቃድ አይጠየቅም። አንዱን ቤት ከፋፍሎ ብዙ ቤት ማድረግ ግን በ1965 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ የከፋፈለው ባለቤቱ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በሩ የሚንኳኳው ግን የተከራዩ ነው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በእንግሊዝ በ2004 በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት፣ ከአንድ ቤተሰብ ያልሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ወጥ ቤት ወይም መጸዳጃ እየተጋሩ የሚኖሩበትን ቤት የሚያከራይ ሰው ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። መጀመሪያ ይህ ግዴታ ባለ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑትን ቤቶች ብቻ ይመለከት ነበር፤ ከጥቅምት 2018 መጀመሪያ ጀምሮ የፎቁ ቁጥር ቀርቷል። ፈቃዱ ቢበዛ ለ5 ዓመት ነው። አንድ አዋቂ ለብቻው የሚተኛበት ክፍል ከ6.51 ካሬ ሜትር፣ ሁለት አዋቂዎች የሚተኙበት ደግሞ ከ10.22 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም። ፈቃድ ሳይዝ ያከራየ ሰው የተቀበለውን ኪራይ ለተከራዩ እንዲመልስ ሊታዘዝ ይችላል። ልብ በሉ፤ እዚያ ሸክሙ የተጫነው በአከራዩ ትከሻ ላይ ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2017 የጸደቀው የኪራይ ሕግ የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የፍሳሽ መውረጃ፣ መብራት፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የአየርና የብርሃን መግቢያ፣ የሚቆለፍ ዋና በር፣ ከሌላው የቤቱ ክፍል የተለየ መጸዳጃ የሌለው ቤት ለመኖሪያ ብቁ አይደለም ይላል። ተከራዩ ካሳወቀ በኋላ ባለቤቱ ብልሽቱን ቢዘገይ በ30 ቀን፣ በቤቱ ለመኖር የሚከለክል አስቸኳይ ብልሽት ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ ማሠራት አለበት። የዋስትና ገንዘቡም ወሰን አለው፤ ከሦስት ወር ኪራይና ከውሉ ዘመን ጠቅላላ ኪራይ ሲሶ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ አይችልም። ኪራዩ በወር 3,000 ሼቄል፣ ውሉ የ6 ወር ከሆነ፣ ሲሶው 6,000 ነው፤ 9,000 አምጡ ቢሏችሁ እንቢ በሉ። የባለቤቱን ደላላም የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ያልተነበበላችሁን ሖዜ አትፈርሙ፤ ልጆቻችሁ ቢያነቡላችሁም አዋቂ ሰው ደግሞ ይይላችሁ። ስትገቡ ቤቱን ፎቶ አንሱ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ብልሽት ሲኖር በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ጽፋችሁ ቅጂውን አስቀምጡ። ከመፈረማችሁ በፊት በዒሪያው የምሕንድስና ክፍል የሕንፃውን ፋይል ጠይቁ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ርዳታ ቢሮ ይሂድ።

ለዚያች እናት ደብዳቤውን አብረን ጻፍንላት። ባለቤቱ ጣሪያውን አሠራ። መስኮቱ ግን ዛሬም አልተከፈተም፤ ደብዳቤ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ አለና። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከፋፍሎ የሚያከራይ ሰው ከማከራየቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ፈቃድ የሌለው ቤት ሲገኝም፣ የሚቀጣው ባለቤቱ ይሁን እንጂ ተከራዩ ሌላ ቤት ሳይዝ አይውጣ።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲጮህ «ውጣ» ይባላል። በአንድ ሕንፃ ያለን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ላይ ስንፈርም ግን ሁላችንንም ውጡ ማለት አይቀልም። ደብዳቤውን አዘጋጅተን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠነዋል፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ተጽፏል። አንብባችሁ፣ ያልገባችሁን ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ፈርሙ።